«ስፋት»፣ «ዙሪያ» እና «ቁመት»፦ ስለ ጎነ ሦስት ልኬት ሙያዊ ቃላት

ከዕለት ተዕለት ንግግር ተወስዶ የተወሰነ ሙያዊ ፍች የተሰጠው ቃል ፍጹም አዲስ ከሆነው ቃል ይልቅ ተርጓሚን ያሳስታል። አዲሱ ቃል በባዕድነቱ ያስጠነቅቃል፤ የለመድነው ግን ሳይታወቀን ያልፋል። የጎነ ሦስትን ስፋትና ዙሪያ ለማስላት የሚያስፈልጉት ቃላት ሁሉም ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ናቸው።

ስለ ቅርጹ ስያሜ ብዙ ማለት አያስፈልግም። «ሦስት ማዕዘን» ቅርጹን በማዕዘኖቹ፣ «ጎነ ሦስት» ደግሞ በጎኖቹ ይሰይመዋል። ጎነ አራት፣ ጎነ ብዙ እያለ ስለሚቀጥልና ዙሪያን ለማግኘትም የሚደመሩት ጎኖች ስለሆኑ በዚህ ጽሑፍ ሁለተኛውን መርጠናል።

አስቸጋሪው «ስፋት» ነው። ቃሉ ሰፋ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በግእዝም ሰፍሐ ማለት ዘረጋ፣ አሰፋ ማለት ነው። የመንገድ ስፋት ስንል ከዳር እስከ ዳር ያለውን ርቀት፣ የአገር ስፋት ስንል ግን በወሰኑ ውስጥ የተካተተውን ገጽ ሁሉ ማለታችን ነው። የመጀመሪያው በሜትር፣ ሁለተኛው በካሬ ሜትር ወይም በካሬ ኪሎ ሜትር ይለካል። ስለዚህ አንድ ቃል ሁለት በዓይነታቸው የተለያዩ መጠኖችን ይሸከማል ማለት ነው። ለመጀመሪያው ፍች አማርኛ «ወርድ» የሚል የራሱ ቃል አለው፤ ሸማኔውም ሆነ ጨርቅ ሻጩ በትክክል ይጠቀሙበታል። ተርጓሚው «ወርድ»ን ለጎን ልኬት፣ «ስፋት»ን ለገጽ ልኬት ብቻ ቢያውል፣ ቢያንስ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን ባይቀላቅል፣ ጉዳዩ ያለ አዲስ ቃል ይፈታል። (ገበሬው መሬቱን በጥማድ ሲቆጥር ከዚህ ግራ መጋባት ነፃ ነበር፤ ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰውን መሬት ስለሚያመለክት ርዝመት ነው ተብሎ ሊታሰብ አይችልም።)

«ዙሪያ» በበኩሉ ዞረ ከሚለው የወጣ ሆኖ ሁለት ነገር ይላል፤ አንድም የወሰኑን መስመር፣ አንድም በአካባቢው ያለውን ሥፍራ። «የቤቱ ዙሪያ» ሲባል ቅጥሩ ይሁን ግቢው ከአገባቡ ካልሆነ አይለይም። በትምህርት መጻሕፍት የተለመደው «መጠነ ዙሪያ» ይህን አሻሚነት ያስወግዳል። «መጠነ» በግእዝ ተናባቢነት ቃሉን ወደ ልኬት ይመራዋልና፤ «መጠነ ሙቀት» እና «መጠነ ቁስ»ም በዚሁ መንገድ የተመሠረቱ ናቸው። ድጋፉ ይበልጥ የሚያስፈልገው «ስፋት» ሳያገኘው መቅረቱ ግን የሚያስገርም ነው። «ዐውድ» የሚለው የግእዝ ቃልም ለዚሁ አገልግሎት ይሆን ነበር፤ ሆኖም እኛ የቋንቋ ሰዎች ቀድመን ለራሳችን ወስደነዋል።

ሁለቱ ፅንሰ ሐሳቦች ምን ያህል የተራራቁ እንደሆኑ ለማየት ሁለት የጎነ ሦስት ቅርጽ ያላቸው ቦታዎችን እንውሰድ። የአንደኛው ጎኖች 13፣ 14 እና 15 ሜትር፣ የሁለተኛው 7፣ 15 እና 20 ሜትር ናቸው። የሁለቱም መጠነ ዙሪያ 42 ሜትር ነው፤ ለአጥር የሚፈልጉት ሽቦ እኩል ነው። የመጀመሪያው ስፋት ግን 84፣ የሁለተኛው 42 ካሬ ሜትር ነው። በውል ላይ «የቦታው ዙሪያ» የሚለውን «የቦታው ስፋት» ብሎ የሚተረጉም ሰው እጥፍ የሚበላለጡትን ሁለት ይዞታዎች እኩል ያደርጋቸዋል።

ስፋቱ የሚገኘው መሠረቱን በከፍታው አባዝቶ ለሁለት በማካፈል ነው። በመጀመሪያው ቦታ መሠረቱ 14፣ ከፍታው 12 ሜትር ስለሆነ 84 ይወጣል። እዚህ ላይ «ከፍታ» በሚለው ፈንታ «ቁመት» ቢባልስ? ቁመት የቆመ ነገር ርዝመት ነው፤ አንባቢው ደግሞ በሥዕሉ ላይ ቆሞ የሚያየው ዘንበል ያለውን የ13 ሜትር ጎን ነው። ያንን ቢያባዛ 91 ያገኛል። በሁለተኛው ቦታ ችግሩ ይብሳል፤ የ7 ሜትሩ ጎን መሠረት ከሆነ የ12 ሜትሩ ከፍታ የሚያርፈው ከቅርጹ ውጭ፣ በመሠረቱ ቅጥያ ላይ ነው። የቦታው ቁመት ከቦታው ውጭ ይቆማል ማለት ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ ነው። ስለዚህ «ከፍታ» የሚለው ተመራጭ ሲሆን፣ መሠረቱን በቀጤ ማዕዘን የሚያገኝ መስመር መሆኑ በብያኔው ውስጥ መገለጽ አለበት።

ይህ የእኛ ቋንቋ ብቻ ችግር አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ አህሞስ የተባለው ግብፃዊ ጸሐፊ በገለበጠው የሒሳብ ፓፒረስ፣ በ51ኛው ጥያቄ፣ መሠረቱ 4 «ሜሪት» የተባለው መስመሩ ደግሞ 10 የሆነ ጎነ ሦስት መሬት ስፋት 20 ተብሎ ተሰልቷል። ሜሪት በተራ ግብፅኛ የወንዝ ዳር፣ የመርከብ ማረፊያ ማለት ነው። ሊቃውንት በቃሉ ላይ ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። ሁለት እኩል ጎኖች ያሉት ጎነ ሦስት ጎን ነው ካልን ትክክለኛው ስፋት 19.6 ገደማ ስለሚሆን ግብፃዊው ተሳስቷል፤ ከፍታ ነው ካልን ግን ስሌቱ እንከን የለውም። የኋለኞቹ ተመራማሪዎች ወደ ሁለተኛው ያዘነበሉ ሲሆን፣ እኛም ይህ የተሻለ ይመስለናል። የአንድ ጥንታዊ ሕዝብ የሒሳብ ዕውቀት በአንድ ቃል ፍች ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

በመጨረሻ ስለ መለኪያው። «ካሬ ሜትር» ረዘም ስለሚል በንግግር «200 ካሬ ቦታ» እየተባለ «ሜትር» ይጣላል፤ ይህ ልማድ ጉዳት የለውም፤ ገጽ መለካቱን የሚነግረን «ካሬ» አለና። ጉዳት ያለው «ካሬ» ሲቀር ነው። ከላይ ያየነው ሁለተኛው ቦታ ዙሪያውም 42፣ ስፋቱም 42 ነው። በሰነዱ ላይ «ስፋቱ 42» የሚል ብቻ ተጽፎ ቢገኝ ቁጥሩን በማስላት ፍቹን መለየት አይቻልም፤ ተርጓሚው ባለ ሰነዱን መጠየቅ ወይም በኅዳግ ማመልከት ይኖርበታል።