ለካልኩለስ ማጠቃለያ ፈተና ስለሚደረግ ዝግጅት

በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ካልኩለስ የሚማሩ እጩ መምህራን በሴሚስተሩ ውስጥ በሚሰጡት አጫጭር ፈተናዎች ደኅና ውጤት ሲያገኙ ቆይተው፣ ኮርሱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጠቅልሎ በሚጠይቀው የማጠቃለያ ፈተና ላይ ሲወድቁ ማየት የተለመደ ነው። ለዚህ በአብዛኛው የሚሰጠው ምክንያት የትምህርቱ ብዛትና የጊዜው ማጠር ነው። ይህ በከፊል እውነት ቢሆንም ዋናውን ችግር አያሳይም። ተማሪው ከፈተና ሲወጣ «ከየትኛው ምዕራፍ እንደመጣ ባውቅ ኖሮ እሠራው ነበር» ይላል፤ ችግሩ በዚሁ አነጋገር ውስጥ ይገኛል።

ለአብነት ያህል ሦስት ጥያቄዎችን እንመልከት። የመጀመሪያው የኤክስና የሳይን ኤክስን ብዜት ኢንቴግራል ፈልጉ ይላል፤ ሁለተኛው የኤክስና የሳይን ኤክስ ስኩዌርን ብዜት፤ ሦስተኛው ደግሞ የሳይን ኤክስ ስኩዌርን ብቻ። (በሁለቱም ላይ ስኩዌር የሆነው በሳይኑ ውስጥ ያለው ኤክስ ነው።) ለዐይን ሦስቱም ወንድማማቾች ይመስላሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው የሚፈታው የብዜትን ደንብ ወደ ኋላ በመመለስ፣ ማለትም በክፍል በክፍል ኢንቴግሬት በማድረግ ነው። ሁለተኛው የሰንሰለት ደንብ ግልባጭ በሆነው የመተካት ዘዴ ይፈታል፤ ምክንያቱም ከሳይኑ ውጭ ያለው ኤክስ የኤክስ ስኩዌር ዴሪቬቲቭ ግማሽ ነው። ሦስተኛው ግን በኮርሱ በሚታወቁት ፈንክሽኖች ሊጻፍ የሚችል መልስ የለውም፤ ይህን የመሰለውን ጉዳይ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ጆሴፍ ሊዩቪል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መርምሮታል። ሆኖም ይኸው ኢንቴግራል ከዜሮ እስከ ኤክስ ተወስዶ ዴሪቬቲቩ ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ በካልኩለስ መሠረታዊ ቴዎረም መሠረት መልሱ በአንድ መስመር ያልቃል፤ ያው ሳይን ኤክስ ስኩዌር ነው።

ተማሪው «የመተካት ዘዴ» በሚለው ምዕራፍ ሥር ያሉትን መልመጃዎች ሲሠራ ዘዴውን የሚመርጥለት የምዕራፉ አርእስት ነው። በፈተናው ወረቀት ላይ ግን አርእስት የለም።

በዚህ ረገድ ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር በአሜሪካ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት ሊጠቀስ ይገባዋል። የኮሌጅ ተማሪዎች የአራት ጠጣር ቅርጾችን ይዘት ማስላት ከተማሩ በኋላ፣ ከፊሎቹ መልመጃውን በየዓይነቱ ተለይቶ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ተደባልቆ ሠሩ። በልምምዱ ጊዜ በየዓይነቱ የሠሩት 89 በመቶ፣ በድብልቅ የሠሩት 60 በመቶ አገኙ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን የፊተኞቹ 20 በመቶ፣ የኋለኞቹ 63 በመቶ ሆነ። ጥናቱ በካልኩለስ ላይ የተደረገ አይደለም፣ ተሳታፊዎቹም ጥቂት ስለነበሩ ቁጥሮቹን እንዳሉ ወደ ክፍላችን ማዛወር አይገባም። ይሁን እንጂ በልምምድ ጊዜ የሚታይ ጥሩ ውጤት ተማሪውንም መምህሩንም ሊያታልል እንደሚችል በግልጽ ያሳያል።

ስለሆነም ከፈተናው ሦስት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ከየምዕራፉ ሁለት ሁለት ጥያቄዎችን አውጥቶ፣ የምዕራፉን ቁጥር ሰውሮና ቅደም ተከተላቸውን አዛብቶ ማቅረብ ይጠቅማል። ተማሪው በመጀመሪያ አይፍታ፤ በእያንዳንዱ ጥያቄ አንጻር የትኛውን ዘዴ እንደሚጠቀምና ለምን እንደመረጠው በአንድ መስመር ይጻፍ። ከዚያ በኋላ የተጠራጠረባቸውን ብቻ ሠርቶ ይመልከት። በመጀመሪያው ሳምንት ውጤቱ ስለሚቀንስ ማጉረምረም አይቀርም፤ መምህሩ ይህን አስቀድሞ ቢያስረዳ መልካም ነው።

የብዙ ተማሪዎች ስሕተት ደግሞ ከካልኩለሱ በታች፣ ከአልጀብራው ይመነጫል። የኤክስ ስኩዌርን ዴሪቬቲቭ ከሊሚት ትርጉም ተነሥቶ የሚያሰላ ተማሪ፣ የኤክስና የኤች ድምር ስኩዌር ሲሆን ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ኤች ስኩዌር ነው ብሎ ቢጽፍ፣ ኤክስ ስኩዌር ተቀንሶ ለኤች ሲካፈል የሚቀረው ኤች ብቻ ነው፤ ሊሚቱም ዜሮ ይሆናል። ሁለት ኤክስ መሆን የነበረበት መልስ ጠፋ ማለት ነው። እንዲህ ላለው ተማሪ የሊሚትን ምዕራፍ ደግሞ ማስጠናት ጊዜ ማባከን ነው፤ የሚያስፈልገው የሁለት ቀን የአልጀብራ ክለሳ ነው። የፎርሙላዎች ቃል ጥናት ግን ብዙ አያሳስብም፤ በሚገባ የተለማመደ ተማሪ ሳያስበው ይይዛቸዋል።

በመጨረሻው ሳምንት መምህሩ ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች በሰሌዳ ላይ እየሠራ ተማሪዎች የሚገለብጡበት ልማድ፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ብዙ የሚጠቅም አይደለም። ተማሪው የሚያየው ምርጫው ካለቀ በኋላ ያለውን ሥራ ነው። መምህሩ ጠመኔ ከማንሣቱ በፊት «በምን እንጀምር? ለምን?» ብሎ ቢጠይቅና ለተሳሳተውም ምርጫ ሁለት ሦስት መስመር ቢሰጠው፣ ተማሪው መንገዱ የት ላይ እንደሚዘጋ ያያል።

የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም ድርሻ አላቸው። ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ የቤት ሥራ ላይ ካለፉት ምዕራፎች የተውጣጡ አምስት ጥያቄዎች ቢጨመሩ ዝግጅቱ በፈተና ዋዜማ የሚደረግ ሩጫ መሆኑ ይቀራል። ለዚህ አዲስ መጽሐፍ ማሳተም አያሻም፤ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያሉትን መልመጃዎች ቁጥራቸውን መርጦ በኮርሱ መግለጫ ላይ በየሳምንቱ አንጻር ማስፈር ይበቃል።