ዋልያስ ነው ወይስ ሮሃ? ሁለት የልብ ወዳጆችን ያኳረፈው ጥያቄ

ሁለት ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው ሰዎች አራት ዓመት ሙሉ «እንደምን አደርክ» እንኳ ሳይባባሉ የከረሙት በምን ይመስላችኋል? በገንዘብ? አይደለም። በድንበር? አይደለም። በሴትማ ጭራሽ! የተኳረፉት በሙዚቃ ባንድ ነው። አዎ፣ በባንድ! ከሁለቱ አንደኛው ደግሞ የገዛ አባቴ ነው።

ነገሩን ላስረዳችሁ። አባቴ ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነው፤ የከዚራ ሰው። ወዳጁ ደግሞ መጋላ ውስጥ ለሃያ ምናምን ዓመት ካሴት ሲያባዛና ሲሸጥ የኖረ፣ ካሴት ሲሞት ወደ ሞባይል ካርድ የዞረ ነጋዴ ነው። ስሙን እንዳላነሳ ስላስማለኝ እዚህ «ባለካሴቱ» እያልኩ እጠራዋለሁ። ከሰዓት በኋላ የድሬ ሙቀት አናት ሲበሳ ሁለቱ አንድ ፍራሽ ላይ ለበርጫ ሳይቀመጡ የቀሩበትን ቀን እኔ በልጅነቴ አላስታውስም። አባቴ የዋልያስ፣ ባለካሴቱ የሮሃ። ጫቱ ቢጎድል እንኳ ጭቅጭቁ አይጎድልም ነበር።

እናላችሁ ከፋሲካ በኋላ እህቴ ልትዳር ነው። የጥሪ ካርድ ሲጻፍ የባለካሴቱ ስም የለም። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «አንተ ጋዜጣ ላይ የሰውን ትዳር ትመክራለህ፤ እስቲ የቤትህን ጉድ አስታርቅ!» አለችኝ። ምን ልበል? ደብተሬን ይዤ ተነሣሁ። ጥሉ በባንድ ከሆነ፣ የትኛው እንደሚበልጥ አጣርቼ አንዱን ረትቼ እመጣለሁ ብዬ ነበር። ሞኝነቴ!

መጀመሪያ ያገኘሁት ነገር እኔን ራሴን አስቆኛል። ዋልያስ ስሙን የወሰደው ከሰሜን ተራሮች ዋልያ ነው። ሮሃ ደግሞ ሮሃ ከመባሉ በፊት ስሙ አይቤክስ ባንድ ነበር። አይቤክስ ምን ማለት ነው ብትሉ… ያው ዋልያው! ፈረንጅ ዋልያን «ዋልያ አይቤክስ» ነው የሚለው። ሁለት ተፎካካሪ ባንዶች፣ አንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ፍየል ስም! አይቤክስ በኋላ የላሊበላን ጥንታዊ ስም ወስዶ ሮሃ ባይባል ኖሮ አባቴና ባለካሴቱ ሲጨቃጨቁ የኖሩት በአንድ ስም ነበር።

አሁን ወደ ዋልያስ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሰባሰበ ነው። ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ ግርማ በየነ ፒያኖ፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ መላከ ገብሬ ቤዝ፣ ማህሙድ አማን ጊታር። አዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ውስጥ ዓመታት ተጫውተዋል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበረ ማታ ሙዚቃ ቤት የገባ ሰው በሩ ይዘጋበትና እስኪነጋ ይጨፍራል፤ ባንዱም እስኪነጋ ይመታል። አባቴ አንድ ጊዜ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዶ በሰው በሰው ሂልተን ገብቶ አይቷቸዋል። ያቺን አንድ ሌሊት እስከ ዛሬ ሲያወራት ጫማው ምን ቀለም እንደነበረ ሳይቀር ይነግራችኋል።

እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የሚባለውን አልበም አወጡ። የእኛ ሰው ዘፈን የሚለው ድምፃዊ ሲኖር ነው፤ እነሱ ግን መሣሪያውን ፊት አስቀምጠው ድምፃዊውን ወደ ኋላ ገፉት። እዚያ አልበም ላይ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ሙዚቃ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1998 ዳክታሪስ የተባሉ የኒው ዮርክ ልጆች በራሳቸው አጨዋወት ደግመውታል። ልብ በሉ፣ አማርኛ አንድ ቃል የማያውቁ ልጆች ናቸው!

ባለካሴቱ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ ይዤዋለሁ። «አቦ ተወኝ! ኒው ዮርክ ይድገመው አይድገመው እኔ ምን አገባኝ? መጋላ ላይ ማን ነው የሚሸጠው?» ይላል። እውነቱን ነው። የሚሸጠው ሮሃ ነበር።

አይቤክስ ባንድ አዲስ አበባ ራስ ሆቴል (የእኛው የድሬው ራስ አይደለም) ሲጫወት የነበረ ነው። ቤዙን ጆቫኒ ሪኮ፣ ሊድ ጊታሩን ሰላም ሥዩም፣ ሳክስፎኑን ፈቃደ አምደመስቀል፣ በሮሃ ዘመን ደግሞ ኪቦርዱን ዳዊት ይፍሩ ይዘውታል። እ.ኤ.አ. በ1975 ከማህሙድ አህመድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን ሠሩ። ባንዱ ሮሃ ከሆነ በኋላ ደግሞ የካሴት ዘመን መጣ፤ ሸክላ ቀረና ቴፕ በየቤቱ ገባ። በእኛ ከተማ ደግሞ ቴፑ ከጅቡቲ በባቡር እየተጫነ ነው የሚመጣው! ድምፃዊ ሁሉ ካሴት ላውጣ ሲል በር የሚያንኳኳው ሮሃ ጋ ነበር። ማህሙድ፣ ኤፍሬም ታምሩ፣ ንዋይ ደበበ… ባለካሴቱ እንደነገረኝ ደንበኛው «የእገሌን አዲሱን ስጠኝ» ይላል እንጂ «ሮሃን ስጠኝ» አይልም። የእገሌ አዲሱ ካሴት ግን ከፍቶ ሲሰማው ሮሃ ነው። ነገ ደግሞ የሌላው እገሌ ይመጣል፤ እሱም ሮሃ!

እኔ በበኩሌ የሁለቱ ልዩነት የገባኝ እዚህ ጋ ነው። ዋልያስ በስሙ ነው የሚታወቀው፤ ሮሃ በሰው ስም ነው የታወቀው። ማስረጃ ከፈለጋችሁ «ኧረ መላ መላ»ን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ የቤልጂየም ኩባንያ በሸክላ አሳትሞት ብዙ አውሮፓዊ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ መጀመሪያ የሰማው በሱ ነው። ማለት በውጭ አገርም ቢሆን የአይቤክስ ልጆች ጊታር ቀድሞ ነው የደረሰው። ግን ሽፋኑ ላይ ማን አለ? ማህሙድ። አባቴ «ዋልያስ ነው ዓለምን ያስተዋወቀው» ሲል እንግዲህ ግማሹን ረስቷል። ባለካሴቱም ይህን መከራከሪያ አንድም ቀን አላነሳውም፤ እኔ ስነግረው ጭኑን በጥፊ መታ!

ለማንኛውም ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሙከራ አደረግሁ። ጎረምሳ ባጃጅ ነጂ ወዳጄን ከሳቢያን እስከ ከዚራ ስንመጣ በሞባይሌ አንድ የሮሃ ሥራ ከፈትኩለት። ወዲያው ከድምፃዊው ጋር መዝፈን ጀመረ። «ባንዱስ ማነው?» ስለው «ምን ባንድ?» አለኝ። ከዚያ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ከፈትኩ። ትንሽ ሰማና «ይሄ የፊልም ነው አይደል? ሰውየው መቼ ነው የሚዘፍነው?» አለኝ። ቡና የምታፈላዋ ጎረቤታችን ደግሞ ሁለቱንም ሰምታ «አቦ አሊ ቢራ የተወለደበት ከተማ ተቀምጣችሁ የአዲስ አበባን ባንድ ታማርጣላችሁ?» ብላ አባረረችኝ። እሷን የሚረታ መልስ እስካሁን አላገኘሁም።

ወደ ጥሉ እንመለስ።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ባንድ አሜሪካ ለመጫወት ሄደ፤ ከኢትዮጵያ ባንድ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ማህሙድ አህመድም አብሯቸው ነበር (ይህ ሰው የሌለበት የለም! በጥር 2017 ዓ.ም. ሚሌኒየም አዳራሽ መድረኩን በክብር ሲሰናበት የሁለቱንም ወገን ነው የተሰናበተው)። ጉዞው ሲያልቅ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። የቀሩት አገር ቤት ተመለሱ። ባንዱ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። አገር ቤት የተፈጠረውን ክፍተት የሞላው ሮሃ ነው፤ ገናናነቱም ከዚያ በኋላ በረታ።

ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ኖረ። ኪቦርዱን መኪናው ኋላ ጭኖ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። ያንን የድሮ ካሴት አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር አግኝቶት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። ከዚያ በኋላ ነው ሰውዬው ከታክሲው ወደ መድረክ የተመለሰው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ»ም በ2016 ታተመለት። አባቴ በዚህኛው ቅር ይለዋል። «ወደ ሐረር ሲሄድ በድሬ አላለፈም እንዴ? ደንገጎን በየት በኩል ወጣው?» ይላል።

እንግዲህ በ2014 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት፣ በርጫ ላይ፣ ባለካሴቱ እንዲህ አለ፤ «ዋልያስ ማለት አገሩን ጥሎ አሜሪካ የቀረ ባንድ ነው። የቀረ ይቅር!» አባቴ መልስ አልሰጠም። ተነሣ፣ ጫማውን አደረገ፣ ወጣ። በቃ፣ ያ ነው።

እኔ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለዋልያስ ተቆርቁሮ መስሎኝ ነበር። እናቴ ናት ዓይኔን የገለጠችው። «አጎትህ መቼ ነው የሞተው?» አለችኝ። ቆጠርኩ። ከዚያ በርጫ አምስት ወር በፊት! የአባቴ ታላቅ ወንድም በ1970 ዓ.ም. ጅቡቲ ገብቶ፣ ከዚያ አሜሪካ ተሻግሮ፣ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ አንድም ቀን ድሬን ሳያይ እዚያው የቀረ ሰው ነው። እኔ በስልክ እንጂ በዓይኔ አላውቀውም። «የቀረ ይቅር» የተባለው አባቴ ጆሮ ውስጥ ማን ላይ እንዳረፈ አሁን ገባችሁ?

እየሮጥኩ መጋላ ሄድኩ። ባለካሴቱ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «እኔ እኮ ስለ ኃይሉ መርጊያ ነው ያወራሁት! ስለ ባንድ!» እያለ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገመ። ደግሞስ የቀረው ዋልያስ ብቻ ነው? ሰላም ሥዩም ራሱ አሜሪካ ነው የሚኖረው፤ ይህንን ባለካሴቱም ያውቃል። ክርክር ሲግል ሰው የሚያውቀውን ይረሳል መሰለኝ።

ቆይቶ ከመደርደሪያው ኋላ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጣ። በ1998ቱ የክረምት ጎርፍ ደቻቱ ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሲወስድ የሰውዬው ቤት ከነዕቃው ሄዷል። ነፍሱን ብቻ ይዞ ነው የወጣው። አባቴ ያዋሰው የዋልያስ ካሴትም ያን ሌሊት አብሮ ሄደ። ሱቁ ግን ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ተርፏል፤ ቆርቆሮውም እዚያ ስለነበረ። ከውስጡ ያወጣልኝ በ1979 ዓ.ም. የተጻፈ የአጎቴ ደብዳቤ ነው፤ ከዋሽንግተን።

ደብዳቤው አጭር ነው። ብርዱ አልለመደኝም ይላል። የሌሊት ሥራ እንደሚከብደው ይነግረዋል። ከዚያ የሮሃ አዲስ ነገር ከወጣ ሦስት ካሴት ላክልኝ፣ መኪና ውስጥ የምሰማው አልቋል፣ የድሮዎቹ ድምፃቸው ደክሟል ይለዋል። መጨረሻ ላይ «ለወንድሜ ሮሃ እንደምሰማ እንዳትነግርብኝ፤ ይስቅብኛል» ብሏል።

«በየዓመቱ እልክለት ነበር» አለኝ ባለካሴቱ። «ምስጢሩን ጠብቄያለሁ። አባትህ አያውቅም።» ደብዳቤውን አጥፎ ሰጠኝ። ሌላ ምንም አላለም፤ ደንበኛ መጣበትና ካርድ ሊሸጥ ተነሣ።

አባቴ መነጽሩን ፈልጎ እስኪያደርግ ደቂቃዎች ፈጀበት። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበው። እናቴ ከጓዳ ሆና ሁለታችንንም ታያለች። እኔ ያልቅሳል ብዬ ስጠብቅ ሳቀ፤ «ሮሃ! ይሄ ከሐዲ!» ብሎ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሳቁ መቼ ሳቅ መሆኑን እንደተወ አላውቅም። እኔ ወደ በረንዳ ወጣሁ።

ማታ አንድ ባዶ የጥሪ ካርድ አምጣልኝ አለኝ። የባለካሴቱን ስም ከነአባቱ በሰፊው ጻፈበት። ከሥሩ ደግሞ በትንንሽ ፊደል «የወሰድክብኝን ካሴት ይዘህ ና» ብሎ ጨመረ። ካሴቱን ደቻቱ እንደወሰደው ሁለቱም ያውቃሉ።

ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነው። ነገ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ መጋላ አደርሰዋለሁ።