በትምህርት ዘርፍ የአንድ ዓመት ማስተርስ፦ የመድረሳ ልምዳችሁን ሳትጽፉ አትለፉ



ክረምት ሲቃረብ ከመምህራን ወንድሞችና እኅቶች ተመሳሳይ ጥያቄ ይደርሰናል። «የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፣ በማስተማር ላይ ነኝ። ውጭ አገር በአንድ ዓመት ሁለተኛ ዲግሪ ይጨረሳል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው? እንዴት ነው የማመለክተው?» ይላሉ። ብዙዎቹ ቀጥለው «ለእኔ ዓይነቱ ሰው ግን የሚሆን አይመስለኝም» ይላሉ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በተለይ ለዚህ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር መልስ ለመስጠት ነው።

እዚህ የምናብራራው ወደ ብሪታንያ የሚወስደውን መንገድ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በአገራችን በአብዛኛው ሁለት ዓመት የሚወስደው ማስተርስ እዚያ በ12 ወር ማለቁ የተለመደ ነው። ሁለተኛ፣ ሙሉ ወጪን የሚሸፍንና ለኢትዮጵያውያን ክፍት የሆነ የነጻ ትምህርት ዕድል አለ፤ ቼቭኒንግ ይባላል።

ትምህርቱ ምን ይመስላል?

በብሪታንያ የትምህርት ዘርፍ ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ በመስከረም ይጀምራል። በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ጠቅላላው 180 ክሬዲት ነው። ተማሪው በመጀመሪያዎቹ ወራት ክፍል ገብቶ ይማራል፣ ክረምቱን ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፉን ይሠራል። ፈተና ከመቀመጥ ይልቅ ረጃጅም ጽሑፎችን መጻፍ ይበዛዋል። ለንደን የሚገኘውና በ1902 የተመሠረተው የዩሲኤል የትምህርት ኢንስቲትዩት በዘርፉ ከዓለም ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ ነው። ኤዲንብራ፣ ግላስጎው፣ ብሪስቶል፣ ሊድስና ማንቸስተርም በዘርፉ ጠንካራ ክፍሎች አሏቸው።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታወቅ። ይህ ማስተርስ በእንግሊዝ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ለመቀጠር የሚያበቃ የሙያ ፈቃድ አይደለም፤ ለዚያ ሌላ ሥልጠና አለ። ማስተርሱ የሚጠቅመው ተመልሶ በሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት፣ በትምህርት አመራር፣ በመምህራን ሥልጠና ወይም በምርምር ለሚሠራ ሰው ነው። በውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ ወደ አገር ሲገባ የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው።

ወጪውን ማን ይሸፍናል?

ከውጭ ለሚመጣ ተማሪ የትምህርቱ ክፍያ ብቻ በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከ20,000 ፓውንድ በላይ ነው። የመምህር ደመወዝ ይህን እንደማይችል ሁላችንም እናውቃለን።

ቼቭኒንግ ከ1983 ጀምሮ በብሪታንያ መንግሥት የሚሰጥ የነጻ ትምህርት ዕድል ሲሆን የትምህርት ክፍያን፣ ወርሃዊ መተዳደሪያን፣ የአውሮፕላን ቲኬትንና የቪዛ ወጪን ይሸፍናል። በምላሹ ተመራቂው ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ግዴታ ያስገባል።

ለቼቭኒንግ ማመልከት ክፍያ የለውም። «ገንዘብ ስጡኝና አስገባችኋለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ዞር በሉ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ይህም የሚከፈለው በራሱ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ በኩል እንጂ በሰው እጅ አይደለም።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ አለ፤ ማመልከቻው ሁለት ነው። አንዱ ለቼቭኒንግ፣ ሌላው ለዩኒቨርሲቲዎቹ ነው። በቼቭኒንግ ማመልከቻ ላይ ሦስት የትምህርት ፕሮግራሞችን ትመርጣላችሁ። ከዚያ ለየዩኒቨርሲቲዎቹ ለብቻ ታመለክታላችሁ፤ ቢያንስ ከአንዱ ያለ ቅድመ ሁኔታ የመቀበያ ደብዳቤ በጊዜው ካልመጣ ስኮላርሺፑ ቢገኝም ይቀራል።

2,800 ሰዓት፦ ብዙዎቻችን የምንተወው ልምድ

ቼቭኒንግ ከሚጠይቃቸው መስፈርቶች አንዱ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ነው። ይህ በሳምንት 35 ሰዓት፣ በዓመት 40 ሳምንት ተሠርቶ የሁለት ዓመት ሥራ ማለት ነው። ቁም ነገሩ ግን የሚቆጠረው የደመወዝ ሥራ ብቻ አለመሆኑ ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራና በበጎ ፈቃድ የተሠራ ሥራም ይቆጠራል።

አሁን ራሳችንን እንይ። ስንቶቻችን ነን ቅዳሜና እሑድ መድረሳ የምናስተምረው? ስንቶቻችን ነን በክረምት የሰፈሩን ልጆች መስጂድ ግቢ ሰብስበን ሒሳብና እንግሊዝኛ የምናስጠናው? እነዚህን ሥራዎች ለአላህ ብለን ስለሠራናቸው «ልምድ» ብለን አንጠራቸውም። በማመልከቻው ላይም አንጽፋቸውም። አንዳንዱ ደግሞ «የመድረሳ ስም ካዩ ይጥሉኛል» ብሎ ይፈራል።

በቁጥር እናስላው። አንዲት እኅት ከተመረቀች በኋላ ቅዳሜ 4 ሰዓት፣ እሑድ 4 ሰዓት በመድረሳ ብታስተምር በሳምንት 8 ሰዓት ይሆናል። በዓመት 48 ሳምንት ብትሠራ 384 ሰዓት ነው። በአራት ዓመት 1,536 ሰዓት ይደርሳል። ይህ ከሚፈለገው ከግማሽ በላይ ነው። በግል ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ብቻ በሙሉ ጊዜ ያስተማረችው 1,400 ሰዓት ሲደመርበት 2,936 ይሆናል። «አልሞላልኝም» ብላ ልትተወው የነበረው መስፈርት ሞላ ማለት ነው።

ኒያን በተመለከተ ስጋት የሚገባው ሰው አለ፤ ስጋቱም የሚከበር ነው። ሆኖም የሠሩትን በእውነት መግለጽ አንድ ነገር ነው፣ ለታይታ መሥራት ሌላ ነው። ማመልከቻው ውዳሴ አይጠይቅም፤ የት፣ መቼ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ሠራችሁ ነው የሚለው። ያልሠሩትን መጨመር ግን ውሸት ነው፤ በዲናችንም በእነሱ ደንብም ዋጋ ያስከፍላል።

ሲጻፍ እንዲህ ይሁን። መድረሳ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ። የተማሪዎቹን ብዛትና ዕድሜ ጥቀሱ። እናንተ ያደረጋችሁትን ለዩ፦ ትምህርቱን በደረጃ ከፋፈላችሁ? ለወላጆች ስብሰባ ጠራችሁ? አዲስ አስተማሪ አሠለጠናችሁ? ከመድረሳው ኃላፊ ወይም ከመስጂዱ ኮሚቴ ቀን፣ ሰዓት፣ ፊርማ፣ ማኅተምና ስልክ ያለበት ደብዳቤ አሁኑኑ ያዙ። ኃላፊው ነገ ሌላ ከተማ ሊሄድ ይችላል።

ድርሰቱ ላይ የሚለየን ነገር

ቼቭኒንግ ስለ አመራር፣ ከሰዎች ጋር ስላላችሁ የሥራ ትስስር፣ ስለ መረጣችሁት ትምህርትና ስለ ወደፊት የሥራ ዕቅዳችሁ በጽሑፍ ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲዎቹም የራሳቸው የግል መግለጫ አላቸው።

«ትምህርት ለአገር ዕድገት መሠረት ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ መምህር የመሆን ሕልም ነበረኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሐሰት የለበትም፤ ግን ማንም ሊጽፈው ይችላል። ከዚህ ይልቅ ይህን አስቡት፦ «አንደኛ ክፍል ሳስተምር፣ በመድረሳ የዐረብኛ ፊደል ለይተው የመጡ ልጆች የአማርኛን ፊደል ከሌሎቹ በተለየ መንገድ እንደሚይዙ አስተዋልሁ። ለምን እንደሆነ ግን የምለካበት መንገድ አልነበረኝም። የንባብ ምዘና ትምህርት ላይ ላተኩር የፈለግሁት ለዚህ ነው።» ሁለተኛው ከአንድ ክፍል፣ ከአንድ ጥያቄ ተነሥቶ ወደ አንድ ኮርስ ያደርሳል። ምሳሌውን ግን እንዳለ አትቅዱት። የእናንተ ክፍል የራሱ ጥያቄ አለው። ከሌላ ሰው የተቀዳ ጽሑፍ ከተገኘ ማመልከቻው ይሰረዛል።

ሰነድ ላይ የሚጥሉ ጥቃቅን ነገሮች

ስም፦ ሙሐመድ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ዲግሪ ላይ በአንድ ዓይነት፣ ፓስፖርት ላይ በሌላ ዓይነት ይጻፋል። ዐብዱልከሪም አንዱ ሰነድ ላይ አንድ ቃል፣ ሌላው ላይ ሁለት ቃል ነው። ኸዲጃም እንዲሁ። ሁሉንም ማመልከቻ በፓስፖርቱ አጻጻፍ ሙሉ። ዲግሪው ከተለየ ከዩኒቨርሲቲያችሁ ሬጅስትራር የማስተካከያ ደብዳቤ ጠይቁ። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ቦታ ላይም ፓስፖርቱ ያስቀመጠውን ተከተሉ።

ዘመን፦ ሐምሌ 2010 የተመረቀ ሰው በአውሮፓውያን ጁላይ 2018 ነው የተመረቀው። የኢትዮጵያውን ዓመት ሳይቀይር የጻፈ ሰው ስምንት ዓመት ቀድሞ የተመረቀ ይመስላል፣ ከሥራ ልምዱም ጋር ይጋጫል።

ሰዓት፦ ማመልከቻ በእኩለ ቀን በ12:00 ይዘጋል ቢል የእኛ 12 ሰዓት አይደለም። በብሪታንያ በጋ እኩለ ቀን ሲሆን አዲስ አበባ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ እዚያ የክረምት ሰዓት ሲገባ 9 ሰዓት ይሆናል። ለማንኛውም ሁለት ቀን ቀድማችሁ ላኩ፤ መብራትና ኢንተርኔት አይታመኑም።

ትራንስክሪፕት፦ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው የወጪ መጋራት ግዴታውን ካልጨረሰ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ለማውጣት ይቸገራል። ይህ ጉዳይ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ከሁሉ በፊት በእሱ ጀምሩ።

እንግሊዝኛ፦ ዩኒቨርሲቲዎቹ በዚህ ዘርፍ ብዙውን ጊዜ ከ6.5 እስከ 7.0 የአይኤልትስ ውጤት ይጠይቃሉ። ውጤቱ ለሁለት ዓመት ያገለግላል። አንዳንዶቹ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ይቀበላሉ፤ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጽፋችሁ ጠይቁ።

ቤተሰብና ወለድ

ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በክፍል የሚሰጥ ማስተርስ የሚማር የውጭ ተማሪ፣ በመንግሥት ስኮላርሺፕ የሚማር ካልሆነ በቀር፣ የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን በጥገኛ ቪዛ ይዞ መሄድ አይችልም። ለባለትዳሮችና በተለይ ለእናቶች ይህ ከባድ ውሳኔ ነው። ለእኅቶች የጉዞና የመሕረም ጉዳይም አለ። ማመልከቻው ከመሞላቱ በፊት ከቤተሰብ ጋር ተመካከሩ፣ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ፣ ኢስቲኻራ ስገዱ። ውጤት ከመጣ በኋላ የሚጀመር ጭቅጭቅ ቤትንም ዕድሉንም ይጎዳል።

እዚያው እንግሊዝ ነዋሪ የሆኑ ወገኖቻችን ለማስተርስ ከመንግሥት ብድር መውሰድ ይችላሉ፤ ብድሩ ግን ወለድ አለበት። ከወለድ ነጻ የሆነ አማራጭ እንዲቋቋም በ2017 የወጣው ሕግ ፈቅዷል፣ ተግባራዊነቱ ግን ለዓመታት ዘግይቷል። ስለዚህ ከብድሩ በፊት የዩኒቨርሲቲዎቹን የክፍያ ቅናሾች፣ የአሠሪ ድጋፍንና ትምህርቱን በትርፍ ጊዜ በሁለት ዓመት መማርን አስቀድማችሁ ፈትሹ።

የጊዜ ሰሌዳ

የቼቭኒንግ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ በሐምሌ መጨረሻ ተከፍቶ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ይዘጋል። የየዓመቱን ትክክለኛ ቀንና መመሪያ ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ ውሰዱ።

ከግንቦት እስከ ሰኔ ትራንስክሪፕትና ፓስፖርት አስተካክሉ፣ ደብዳቤዎችን ሰብስቡ። ሐምሌ ላይ ሦስቱን ፕሮግራሞች ምረጡ፣ የድርሰቱን ረቂቅ ጀምሩ። ነሐሴ ላይ ለሁለት ሰዎች አስነብቡ፤ አንዱ ሙያውን የሚያውቅ፣ ሌላው እናንተን የሚያውቅ ይሁን። ምስክርነት ለሚሰጧችሁ ሁለት ሰዎችም ቀድማችሁ ንገሯቸው። በመኸርና በበጋ ለዩኒቨርሲቲዎቹ አመልክቱ። ቃለ መጠይቁ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይሆናል። በአሁኑ ዓመታት ረመዷን በዚሁ ወቅት ስለሚገባ ሰዓት መምረጥ ከተቻለ የጠዋቱን ያዙ። ለሚያልፉት ቪዛ ይከተላል፤ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ተማሪ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ግዴታ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጎ የማያልፍ ሰው ይኖራል፤ ውድድሩ ብርቱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ማመልከት ይቻላል፤ የተሰበሰበው ሰነድና የተጻፈው ድርሰትም አብሮ ይቆያል። እኛን የሚያሳስበን ተወዳድሮ የቀረው አይደለም። የሚያሳስበን በየመድረሳው ለዓመታት ልጆች ያነጸ፣ መስፈርቱን የሚያሟላና ማሟላቱን ሳያውቅ ያላመለከተው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው አጠገባችሁ ካለ ይህን ጽሑፍ አድርሱለት፤ ቁጭ ብላችሁም ሰዓቱን አብራችሁ ቁጠሩ።

አላህ ለሁላችንም ጠቃሚ ዒልምን ይወፍቀን።