ማርሽና የእጅ አያያዝ በዳገት ላይ

ዳገት የሚወጣን ብስክሌተኛ በዋናነት የሚፈትነው ነፋስ ሳይሆን የራሱና የብስክሌቱ ክብደት ነው፤ ፍጥነቱ ዝቅ ሲል የአየሩ ተቃውሞ እጅግ ስለሚቀንስ ጉልበቱ በአብዛኛው የሚያልቀው ይህን ክብደት ወደ ላይ በማንሳት ነው። ማርሽ የሥራውን ጠቅላላ መጠን አይቀንስም፤ ሆኖም ሥራውን ለብዙ ቀላል የፔዳል ዙሮች ስለሚያከፋፍለው እግር ቶሎ ሳይዝል እንዲዘልቅ ያስችላል።

የፊቱ ማርሽ 50፣ የኋላው 11 ጥርስ ሲኖረው አንድ የፔዳል ዙር ጎማውን አራት ጊዜ ተኩል ያህል አዙሮ ብስክሌቱን 9 ሜትር ተኩል ገደማ ያስኬዳል፤ ሁለቱም 34 ጥርስ ሲኖራቸው ግን ጎማው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚዞር ርቀቱ ወደ 2.1 ሜትር ይወርዳል፣ ፔዳሉም በዚያው ልክ ይቀላል። በዚህ ቀላል ማርሽ ብቻ 13.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውንና በአማካይ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ያህል የሚያሻቅበውን የፈረንሳዩን የአልፕ ዱዌዝ ዳገት የሚወጣ ሰው ፔዳሉን ከ6,500 ጊዜ በላይ ማዞር ይኖርበታል።

ሰንሰለቱን ከአንዱ ማርሽ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው ማርሽ ቀያሪ በቱር ደ ፍራንስ ለዋነኞቹ ተወዳዳሪዎች የተፈቀደው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ብስክሌተኛው ከዳገቱ ግርጌ ወርዶ የኋላ ጎማውን በመፍታትና በማዞር በሌላው ጎን በተገጠመው ቀላል ማርሽ ይጠቀም ነበር። ዛሬም ቢሆን ማርሽ መቀየር ያለበት ዳገቱ ከመበርታቱ አስቀድሞ ነው፤ በሙሉ ኃይል የተወጠረ ሰንሰለት ከትንሹ የኋላ ማርሽ ወደ ትልቁ ለመሸጋገር ስለሚቸገር ይንቋቋል፣ ጥርሶቹንም ይጎዳል። ስለሆነም ብስክሌተኛው ፔዳሉን ማዞሩን ሳያቋርጥ ለአፍታ ያህል የእግሩን ግፊት አላልቶ ማርሹን አንድ በአንድ ሊቀይር ይገባል።

የእጅ አያያዝም ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ነው። ጫፎቹ ወደ ታች የታጠፉ መሪ ያለው የጎዳና ብስክሌት ሦስት ዋና ዋና መያዣዎች አሉት። ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ለሚወጣ ሰው የመሪው ጠፍጣፋ የላይኛው ክፍል ይመረጣል፤ ደረትን ቀና አድርጎ ትንፋሽን ያቀላልና። ከኮርቻ ተነሥቶ ለሚወጣ ሰው ግን የፍሬን መያዣዎቹ ጉልላት ይሻላል፤ እጆች መሪውን በየተራ እየሳቡ የእግርን ግፊት ያግዛሉና። ቆሞ የሚነዳ ሰውም ዙሩ ዘገም ስለሚል ከመነሣቱ በፊት ማርሹን አንድ ደረጃ ማክበዱ ይጠቅመዋል። የታችኛው መያዣ በአብዛኛው የሚያገለግለው ለቁልቁለትና ለፈጣን ሜዳ ነው።

የብስክሌት ዕቃ አምራቹ ሺማኖ የማርሽ መቀየሪያውን ከፍሬን መያዣው ጋር ያጣመረው በ1990 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ቀድሞ መቀየሪያው በብስክሌቱ አካል ላይ ስለነበር አንድ እጅ መሪውን መልቀቅ ግድ ይለው ነበር። በተለመደው አሠራር መሪውን ከላይ የያዘ እጅ እስከ ዛሬም መቀየሪያው ላይ አይደርስም፤ በዚህም ምክንያት ጥሩ ዳገት ወጪ መንገዱን አሻግሮ እያየ፣ የቀጣዩ አቀበት ክብደት እግሩ ላይ ከማረፉ በፊት እጁን ወደ መቀየሪያው ያደርሳል።