ናፍጣው የት ገባ?

እኔ እዚህ ሰሜን ምዕራብ ኬንያ፣ ካኩማ ካምፕ ውስጥ ጄኔሬተር ኦፕሬተር ነኝ። የምንጠጣው ውሃ ከጉድጓድ ነው የሚወጣው፤ ፀሐይ በማትኖርበት ሰዓት የእኛን ፓምፕ የሚያሰራው ጄኔሬተሩ ነው። ናፍጣው ከጎደለ ወይም ከተበላሸ ቧንቧው ይደርቃል፣ እናቶች ጀሪካን ደርድረው ሲጠብቁ ይውላሉ። ስለዚህ ታንከሩን መጠበቅ ውሃውን መጠበቅ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት ቦቴ መጥቶ ናፍጣ ገለበጠልን። ስንለካ 10,000 ሊትር ገደማ ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ስንለካ ግን ወደ 80 ሊትር ጎደለ። ኃላፊው «ናፍጣው የት ገባ?» አለ፤ የሁሉም ዓይን ሌሊቱን ሲጠብቅ ያደረው ዘበኛ ላይ አረፈ። ጋሼ የምንላቸው አገር ቤት ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። ስደተኛ ሆኖ በሌብነት መጠርጠር ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

እኔ ግን ስለካ የናፍጣውን ሙቀትም ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ሌሊቱን 10 ዲግሪ ቀዝቅዞ ነበር። ናፍጣ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። 10,000 ሊትር በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 80 ሊትር ያህል ይቀንሳል፤ ክብደቱ ግን ያው ነው። የተሰረቀ ነገር አልነበረም። ኃላፊው ደብተሩን አይቶ ዝም አለ፤ ጋሼም ሥራቸው ላይ ቆዩ።

ስለዚህ ታንከር ላይ የምትሰሩ ሁሉ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ልኬቱንና ሙቀቱን ጻፉ። ጉድለቱ ሙቀቱ ከሚያስረዳው በላይ ከሆነ ግን ሰው ላይ ጣት ከመቀሰር በፊት ፍሳሽ ፈልጉ። ብየዳውን፣ የቧንቧውን መጋጠሚያና ቫልቩን በእጅ ዳስሱ፤ ከሥር ያለው አፈር ርሶ ወይም ሸትቶ እንደሆነ እዩ።

ሁለተኛው ጠላት ውሃ ነው። በመተንፈሻው የሚገባው አየር ሲቀዘቅዝ የታንከሩ ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ክዳኑ በደንብ ካልገጠመም ዝናብ ይገባል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይተኛል። በሁለቱ መሀል ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ይራባሉ፣ እንደ አተላ ያለ ጥቁር ዝቃጭ ይፈጥራሉ። ፊልትሮ ይደፍናል፣ ብረቱንም ከውስጥ ያዝገዋል። መለኪያው ዘንግ ጫፍ ላይ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ቅባት አለ፤ እሱን ቀብታችሁ ፈትሹ። ውሃ ካለ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ድረስ ከታች ባለው ቫልቭ በባልዲ አውጡት። የወጣውን መሬት ላይ አትድፉት፤ የምንጠጣው ከዚያው መሬት ሥር ነው።

መተንፈሻውን አቧራ ወይም ነፍሳት እንዳይደፍኑት እዩ። ከተደፈነ፣ ናፍጣው ሲሳብ ታንከሩ ወደ ውስጥ ሊጨማደድ ይችላል። ዙሪያውን ያለው የግንብ አጥር ደግሞ ታንከሩ ቢፈስ ሁሉንም መያዝ አለበት፤ የተለመደው መለኪያ 110 በመቶ ነው። ማለትም ለ10,000 ሊትር ታንከር 11,000 የሚይዝ ግንብ። የግንቡ ማፍሰሻ ሁልጊዜ ዝግ ይሁን፤ የዝናብ ውሃ ለማውጣት ብቻ ቆማችሁ እያያችሁ ክፈቱት።

ቦቴ ሲመጣ መጀመሪያ የግራውንድ ሽቦውን እሰሩ፤ ሲጋራና ስልክ ይራቅ። ከተገለበጠ በኋላ ዝቃጩ እስኪሰፍር ጥቂት ታገሱና ለኩ።

በመጨረሻ፣ አደራ፦ «ባዶ ነው» ብላችሁ ታንከር ውስጥ አትግቡ። ውስጡ አየር ላይኖር ይችላል፤ ጭሱም ያደነዝዛል። አንዱ ሲወድቅ ላወጣው ብሎ የገባው ጓደኛውም አብሮት ይቀራል። ለማጽዳት መሣሪያና ሥልጠና ያለው ሰው ይጠራ። ብየዳም እንደዚሁ ነው፤ ባዶ ታንከር ከሙሉው በላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ጋሼ አሁን ማታ ማታ ሲረከቡኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ፣ ዛሬስ ስንት ዲግሪ ነው? ጽፈኸዋል?»