የውሻ ሆድና የሰው እጅ

ውሻ ተቅማጥ ሲይዘው ከባለቤቱ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «ምን መድኃኒት ልስጠው?» የሚል ነው። መቅደም የነበረበት ግን «ትናንትና ከትናንት ወዲያ ምን በላ?» የሚለው ነው። በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ባለችው ቡሹሎ ግቢ የሚጠብቅ ውሻ በአንድ ወር ውስጥ ምን ምን ሊቀርብለት እንደሚችል እናስብ። አንድ ሰሞን ከገበታ የተረፈ ቆጮና እንጀራ፣ አንድ ሰሞን የወጥ ጥራጊ፣ ዓሣ በቤቱ ሲገባ የቆሮሶ ራስና አንጀት፣ ቅርጫ በታረደ ዕለት ደግሞ ጥሬ ሳንባ፣ ጮማና አጥንት እስኪበቃው። በመሐሉ ምንም ያልቀመሰባቸው ቀናት ይኖራሉ። እንዲህ በሚዋዥቅ ማዕድ ሆዱ ቢታወክ ጥፋቱን ሆዱ ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። አብዛኛው የቤት ውሻ የሆድ ሕመም ከአመጋገብ መለዋወጥ የሚመጣ በመሆኑ ሕክምናውም ከሳህኑ መጀመር አለበት። መድኃኒት ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ከምናስበው የጠበበ ነው። ይህን የምልበትን ምክንያት ላስረዳ።

የውሻ ጨጓራ ኃይለኛ አሲድ ያመነጫል፤ ሥጋና ለስላሳ አጥንት የሚሰባበረው በዚያ ነው። ቀጥሎ ቀጭኑ አንጀት ከቆሽትና ከሐሞት በሚመጡ ፈሳሾች ምግቡን አፍርሶ ወደ ደም ያስገባዋል። የተረፈው ወደ ወፍራሙ አንጀት ሲደርስ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ይቀበሉታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ውሻው ዘወትር በሚበላው ምግብ ልክ የተደራጁ ናቸው፤ ስታርች የሚበላ ውሻ ያንን የሚያብላሉ፣ ሥጋ የሚበላ ደግሞ ሌሎች ይበዙለታል። ምግቡ ቀስ በቀስ ሲቀየር እነሱም አብረው ይቀየራሉ፤ በአንድ ሌሊት ሲገለበጥ ግን ያልተፈጨው ምግብ አንጀት ውስጥ ይብላላል፣ ውኃ ወደ አንጀቱ ይስባል፣ ውሻውም ያስቀምጠዋል። ጮማ ሲበዛ ነገሩ ከዚህም ይከፋል። ስብ የበዛበት ማዕድ ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ውሻው ደጋግሞ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ስለሚያመው ጀርባውን አጉብጦ ይቆማል፣ ምግብም ይጠላል። በበዓል ማግስት የሚታመም ውሻ ካለ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው።

«ሆደ ስስ» የሚባል ውሻ በዘሩ የተፈጠረ ነው የሚል ሐሳብ በውጭው ዓለም በሰፊው ይነገራል፤ በተለይ ስሙ የሚነሳው ግሬይሃውንድ ነው። ይህ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጥ፣ እግረ ረጅም፣ ገላው ላይ ብዙ ስብ የሌለው የእሽቅድምድም ውሻ ነው። በእኛ አገር የግሬይሃውንድ ውድድር የለም፤ ታሪኩ ግን ለእኛም ይጠቅማል። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2018 በሰጠው ድምፅ መሠረት ውድድሩ እስከ 2020 መጨረሻ እንዲቆም ሲደረግ፣ ብዙ ውሾች ከሩጫው ሜዳ ወደ ቤተሰብ ቤት ገቡ። አዲሶቹ ባለቤቶች ተደጋጋሚ ተቅማጥ ሲያዩ ዘሩን ወቀሱ። ሲመረመር ግን ሌላ ምክንያት አልጠፋም። ውሾቹ ያደጉት በአንድ ዓይነት ጥሬ ሥጋና በአንድ ዓይነት የቀን ሥርዓት ነበር፤ በአንድ ቀን ቤቱም፣ ምግቡም፣ ሰዉም ተቀየረባቸው። በሩጫ ጣቢያዎቹ ደግሞ መንጠቆ ትል ተስፋፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ከግሬይሃውንድ ጭምር የተገኙ የመንጠቆ ትሎች ዋና ዋናዎቹን የትል መድኃኒቶች መቋቋም እንደ ጀመሩ አሳዩ። ዘር ምንም ልዩነት አያመጣም ማለቴ አይደለም፤ ግሬይሃውንድ አንዳንድ የማደንዘዣ መድኃኒቶችን ከሌላው ውሻ ዘግይቶ እንደሚያስወግድ የተረጋገጠ ነገር ነው። ሆዱን በተመለከተ ግን የአኗኗርና የትል ጉዳይ ሳይጣራ ዘርን መወንጀል መቸኮል ነው። ሸፐርድ ወይም ክልስ ቡችላ ገዝቶ «የፈረንጅ ውሻ ሆዱ አይችልም» የሚል የእኛ ሰውም ይህንኑ ቢያጤን መልካም ነው።

«ውሻ ሥጋ በል ነው፤ ያመመውም እህል ስለሰጠነው ነው» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ውሻን ከተኩላ ጋር አንድ ያደርጋል። በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ስታርች የሚፈጭ ኢንዛይም የሚያዝዘውን ዘረ መል በሁለቱ እንስሳት መርምሮ ነበር። ተኩላ የዚህ ዘረ መል 2 ቅጂ ብቻ ሲኖረው ውሻ ከ4 እስከ 30 ቅጂ እንዳለው ተገኘ። ውሻ ከሰው ጋር ሲኖር የሰውን እህል መፍጨት ለምዷል ማለት ነው። ስለዚህ በደንብ የበሰለ ቆጮ፣ ሩዝ ወይም የበቆሎ ገንፎ ለውሻ መርዝ አይደለም። ለብቻው ግን አይበቃም፤ ቆጮ ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ሥጋ፣ እንቁላል ወይም የበሰለ ዓሣ ሊታከልበት ይገባል። ጉዳት የሚያመጣው እህል መሆኑ ሳይሆን እህሉን ተሸክሞት የሚመጣው ወጥ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ፤ ሲበስሉም መርዛማነታቸው አይጠፋም። የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። በርበሬውና ቅቤው አንጀቱን ሲያስቆጡ ሽንኩርቱ ደሙን ይጎዳል። ወጥ የነካውን እንጀራ ለውሻ መስጠት የቆየ ልማድ ነው፤ ልማዱ መቆየቱ ግን ትክክል አያደርገውም።

ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። የአገራችን ውሻ የተገኘውን በልቶ ለሺህ ዓመታት ኖሯል፣ አሁን ምን አዲስ ነገር መጣና ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ኖሯል። እኛ የምናየው ግን የተረፈውን ነው። ከአንድ ወሊድ ውስጥ በተቅማጥና በትል የሞቱት ቡችሎች አይቆጠሩም፣ ስለ እነሱም የሚመሰክር የለም። ጠንካራ የምንለው ውሻ ወንድሞቹና እህቶቹ የወደቁበትን ያለፈ ነው። ለበር ጠባቂነት የምንፈልገው ውሻ ደግሞ በሰንሰለት ታስሮ ወይም በግቢ ተዘግቶ ስለሚውል የሚጎዳውን ትቶ የሚስማማውን ለመፈለግ ዕድል የለውም፤ የሚበላው እኛ የሰጠነውን ብቻ ነው። ምርጫውን ከወሰድንበት ኃላፊነቱም የእኛ ነው። ቡሹሎን በመሰለ የሐይቅ ዳር ሰፈር ይህ ኃላፊነት ዓሣንም ይጨምራል። በሀዋሳ ሐይቅ ዓሣዎች ሆድ ዕቃ ውስጥ ኮንትራሲከም የሚባል ክብ ትል እንደሚገኝ በጥናት የታወቀ ነው። ጥሬ የዓሣ አንጀት ለውሻ መወርወር ይህን ትልና ሌላውንም አብሮ ማጉረስ ነው፤ ሹል አጥንቱ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፣ አልፎ አልፎም የማጥመጃ መንጠቆ በዓሣው ውስጥ ይቀራል። ዓሣው ሲቀቀልና አጥንቱ ሲለቀም ግን ከርካሽ ፕሮቲኖች ሁሉ የተሻለ ይሆናል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ውሻ ሲያስቀምጠው ለሰው ከተገዛው ፍላጅል ሰብሮ መስጠት የተለመደ ነው። «ሰጠሁት፣ በሦስተኛው ቀን ዳነ» የሚል ምስክርም አይጠፋም። ችግሩ ቀላል ተቅማጥ ያለ መድኃኒትም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚተው መሆኑ ነው፤ ስለዚህ መዳኑ ብቻ ክኒኑ እንደፈወሰው አያስረዳም። ለማወቅ የተሰጣቸውንና ያልተሰጣቸውን ማወዳደር ያስፈልጋል። እንዲህ ያሉ ጥናቶች ከተሰበሰቡ በኋላ በአውሮፓ የተዘጋጀው የእ.ኤ.አ. 2024 መመሪያ ቀላልና መካከለኛ ድንገተኛ ተቅማጥ ላለበት ውሻ ፀረ ባክቴሪያ እንዳይሰጥ መክሯል። ጉዳቱም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ሙከራ ጤነኛ ውሾች ለሁለት ሳምንት ሜትሮኒዳዞል፣ ማለትም የፍላጅል መድኃኒት፣ ተሰጥቷቸው የአንጀታቸው ባክቴሪያ ተናጋ። መድኃኒቱ ከቆመ ከአራት ሳምንት በኋላም በአንዳንዶቹ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ሆዱ የታወከን ውሻ ሆዱን የሚያደላድሉለትን ባክቴሪያዎች መግደል እንግዲህ የተገላቢጦሽ ሥራ ነው። ለሕመሙ ብሎ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚሰጥ ሰው ካለ ደግሞ አጥብቄ የምለምነው እንዲተው ነው፤ እነዚህ የሰው ማስታገሻዎች የውሻን ጨጓራ አቁስለው ያደሙታል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ውሻው ንቁ ከሆነ፣ ውኃ ከጠጣ፣ ደም ከሌለበት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ውኃ ነው። ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ ከፊቱ ይኑር፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ጠጥቶ የሚያስመልሰው ከሆነ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ይሰጠው። በጤና ጣቢያ የሚታደለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በልኩ ተበጥብጦ ለውሻም በትንሽ በትንሹ ሊሰጥ ይችላል። ቀጥሎ ምግብ። ድሮ «ቀኑን ሙሉ ያስጹሙት» ይባል ነበር፤ አሁን ማስረጃው ወደ ሌላ አዘንብሏል። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት ኃይለኛ ተቅማጥና ትውከት በሚያመጣው ፓርቮ ቫይረስ ክፉኛ የታመሙ 30 ውሾች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ትውከታቸው እስኪቆም ምግብ ተከለከሉ፣ ግማሾቹ ቶሎ በቱቦ መመገብ ጀመሩ። ቶሎ የተመገቡት ፈጥነው አገገሙ፣ ክብደትም ጨመሩ። አንጀት የራሱን ግድግዳ የሚጠግነው ከሚያልፍበት ምግብ ነውና ውጤቱ አያስገርምም። ስለዚህ ቀለል ያለ ምግብ ይዘጋጅለት፤ ሁለት እጅ የተቀቀለ ሩዝ፣ አንድ እጅ ስቡ የወጣለት የተቀቀለ ሥጋ ወይም ዶሮ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ሽንኩርት። በቀን አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይብላ። ዓይነ ምድሩ ሲጠነክር ወደ ቀድሞው ምግብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይመለስ፤ መጀመሪያ ሩብ፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት አራተኛ። ይህ ለሀብታም ብቻ የሚሆን ምክር አይደለም። ዋናው ትምህርቱ በየቀኑ ተመሳሳይ ነገር በተመሳሳይ ሰዓት መስጠት ሲሆን እሱ ተጨማሪ ብር አይጠይቅም፤ እንዲያውም የክኒኑን ያተርፋል።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ሁኔታ አለ፤ እዚህ ላይ መዘግየት ገዳይ ነው። ክትባት ያልጨረሰ ቡችላ አስመልሶት፣ ደም የቀላቀለ መጥፎ ሽታ ያለው ተቅማጥ ይዞት፣ አንገቱን ከደፋ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓርቮ ነው። ቫይረሱ እ.ኤ.አ. በ1978 ታውቆ በሁለት ዓመት ገደማ ዓለምን ያዳረሰ ሲሆን አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ ያደረበትን ወለል በውኃ በቀጠነ በረኪና ማጠብ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ቡችላ በቤት ሩዝ አይድንም፤ ግሉኮስና የሐኪም እጅ ይፈልጋል። የትልቅ ውሻ ሆድ ሲነፋ፣ ሊያስመልስ ታግሎ ምንም ሳይወጣው ሲቀር፣ ድዱ ሲነጣ፣ ወይም ተቅማጡ ከሦስት ቀን ሲያልፍም እንደዚሁ ነው። ሀዋሳ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ያለው ዩኒቨርሲቲ የሚገኝባት ከተማ ናት፤ ባለሙያ በሌለበት አገር እንዳለን ሆነን በግምት ማከም የለብንም።

ውሻው ሳያስቀምጠውና ሳያስመልሰው፣ ደልቶት እየዘለለ፣ ሰውን የሚጎዳበት መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት በሀዋሳ ማዘጋጃ ቤት ቄራ ከታረዱ 632 ከብቶች መካከል 333ቱ፣ ማለትም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ በሳንባቸው፣ በጉበታቸው ወይም በሌላ ዕቃቸው ላይ ውኃ የቋጠረ የእጭ ከረጢት ተገኝቶባቸዋል። ውሻ ያንን ከረጢት ጥሬውን ሲበላ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝሙ ትሎች በአንጀቱ ያድጋሉ። እሱን እምብዛም አያሙትም፤ እንቁላላቸው ግን በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በእጅ፣ በአትክልትና በውኃ ወደ ሰው አፍ ይገባል። ከረጢቱ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ለዓመታት ሲያድግ ቆይቶ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም። «ሰው ሳይጠግብ ስለ ውሻ ሆድ ማውራት ቅንጦት ነው» ለሚል ወገን መልሴ ይህ ነው፤ የውሻው ሳህንና የልጆቻችን ጤና አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። የትል መድኃኒቱም በግምት ሳይሆን በክብደቱ ልክና ሐኪም በወሰነው ጊዜ ይሰጥ፤ የግሬይሃውንዶቹ ትሎች መድኃኒት ያለ ምርመራ ሲደጋገም ምን እንደሚከተል አሳይተውናል።

በሚቀጥለው ቅርጫ ሥጋው ሲከፋፈል ከረጢት ያለበትን ሳንባና ጉበት ለውሻ አትወርውሩ፤ በጥልቅ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ለውሻው ከቀዩ ሥጋ ጥቂት ቀቅላችሁ ከለመደው ምግብ ጋር ስጡት።