ቆራሌው የማይገዛው ፕላስቲክ፦ ያገለገሉ የውሃ ማጣሪያ ሜምብሬኖች ዳሰሳ

በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ፋብሪካና መኖሪያ ቤት አጥር ለአጥር ተያይዘው ይኖራሉ። ከሳሪስ እስከ ጎፋ፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡና ጀሞ፣ ቆራሌው ማለዳ ማለዳ እየተጣራ ያልፋል፤ ብረት፣ ጄሪካን፣ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ የተሰበረ ወንበር ይገዛል። የሰበሰበው ገሚሱ መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ ሌላ ዕቃ ይሆናል፤ ገሚሱ ተፈጭቶ ወደ ፋብሪካ ይመለሳል። ዛሬ ባለሙያዎች ዑደታዊ ኢኮኖሚ የሚሉትን አሠራር ይህ ሰንሰለት ያለ መመሪያና ያለ በጀት ሲሠራበት ኖሯል። ከሰንሰለቱ ውጭ የቀረ አንድ የፕላስቲክ ዓይነት ግን አለ፤ ፋብሪካዎች ውሃ የሚያጣሩበት የፖሊመር ሜምብሬን። ዕድሜው ሲያበቃ ከማሽኑ ወጥቶ ይጣላል፤ ገዢ ስለሌለው ቆራሌውም አይነካውም።

የሜምብሬኑ አሠራር

በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ በባለሙያዎች አጠራር አር ኦ፣ ውሃ በከፍተኛ ግፊት እጅግ ስስ በሆነ ሽፋን ውስጥ ተገፍቶ ያልፋል፤ ጨውና ሌላው በውሃው የሟሟ ነገር ወደኋላ ይቀራል። ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን የተባሉ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ለሥራ የሚበቃውን የመጀመሪያ ሜምብሬን ያዘጋጁት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነበር። በ1970ዎቹ ደግሞ ጆን ካዶት ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበትን ባለ ሦስት ንጣፍ ሜምብሬን ሠራ።

ከላይ ያለው ንጣፍ ፖሊአማይድ ሲሆን ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አምስት ሺህኛ እጅ አይበልጥም። ጨውን የሚያስቀረው እሱ ነው። ከሥሩ ፖሊሰልፎን፣ ከዚያ በታች ፖሊስተር ጨርቅ ይደግፉታል። እነዚህ ንጣፎች ከፖሊፕሮፒሊን መረብ ጋር ተደራርበው በአንድ ቱቦ ዙሪያ እንደ ሰሌን ይጠቀለላሉ፤ ጠርዛቸው በሙጫ ይታሸጋል፤ ውጭው በፋይበር ግላስ ይለበጣል። በፋብሪካዎች የተለመደው መጠን 20 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ርዝመት አለው። ክብደቱ 15 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ቢዘረጋ 37 ካሬ ሜትር ያህል የማጣሪያ ገጽ ይወጣዋል።

መልሶ መጠቀምን የሚያከብደው ይህ አሠራር ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ ስለተሠራ ይፈጫል፣ ይቀልጣል። በአንድ ሜምብሬን ውስጥ ግን አምስት ስድስት ዓይነት ፕላስቲክ በሙጫ ተጣብቋል።

በአገራችን

የታሸገ ውሃና ለስላሳ መጠጥ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች፣ የእንፋሎት ቦይለር ያላቸው ድርጅቶችና የኩላሊት እጥበት የሚሰጡ ሆስፒታሎች አር ኦ ይጠቀማሉ። ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው ግን በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ብክለት እዚያው ይከማቻል። በዚህ ምክንያት የፓርኩ የፍሳሽ ማጣሪያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቹን ውሃ በሜምብሬን እያጣራ መልሶ ወደ ምርት እንዲያስገባና ፍሳሽ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ተደርጎ ተሠራ። ውሃው በዑደት ይመላለሳል፤ የሚያመላልሰው ሜምብሬን ግን ከዑደቱ ውጭ ነው።

በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ የተሠራ ግምት በየዓመቱ ከ840,000 በላይ ሜምብሬኖች፣ ማለትም ከ14,000 ቶን በላይ፣ እንደሚጣሉ ያሳያል። አብዛኛው የሚያበቃው በመሬት ውስጥ ተቀብሮ ነው።

ለምን ይጣላል?

በደንብ የተያዘ ሜምብሬን ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ያገለግላል። የተጣለ ሜምብሬን በመጋዝ ተሰንጥቆ ሲዘረጋ የሞቱ ምክንያት በዓይን ይታያል። መግቢያው አካባቢ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ይለጠፍበታል፤ ባክቴሪያ የገነባው ነው። መውጫው አካባቢ በጣት ሲነካ የሚሻክር ነጭ ቅርፊት አለ፤ ካልሲየምና ሲሊካ ነው። አንዳንዱ ቀይ የብረት ዝገት ለብሷል። ከሥር ያለው ሽፋን ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ፋብሪካው የሚቀይረው ውሃው ስለቀነሰበት ወይም ጨው ማሳለፍ ስለጀመረበት ነው እንጂ ሜምብሬኑ ምንም የማይሠራ ስለሆነ አይደለም።

ሁለተኛ ዕድሜ

የመጀመሪያው አማራጭ ማጠብ ነው። በአልካሊና በሲትሪክ አሲድ በየተራ የታጠበ ሜምብሬን ከአቅሙ ብዙውን ሊመልስ ይችላል። እንደ አዲስ ባይሆንም ጨዉ ዝቅ ያለ የጉድጓድ ውሃ ለሚያጣራ፣ ወይም ለጽዳትና ለማቀዝቀዣ ውሃ ለሚፈልግ ሌላ ድርጅት ይበቃል።

ሁለተኛው አማራጭ በየቤታችን ያለ ነገር ይፈልጋል፤ በረኪና። ፖሊአማይድ ክሎሪንን አይችልም፤ ፋብሪካዎች ውሃውን ወደ አር ኦ ከማስገባታቸው በፊት ክሎሪኑን የሚያስወግዱት ለዚህ ነው። ተመራማሪዎች ይህንኑ ድክመት ለጥቅም አዋሉት። ያረጀው ሜምብሬን በሊትር 6,000 ሚሊ ግራም ገደማ ክሎሪን ባለው ውሃ ውስጥ ለ50 ሰዓት ያህል ሲዘፈዘፍ የላይኛው ንጣፍ ይበላል፤ ከሥሩ ያለው የፖሊሰልፎን ንጣፍ ሰፋ ያሉ ቀዳዳዎች ያሉት ማጣሪያ ሆኖ ይቀራል። ይህ አልትራፊልትሬሽን ይባላል፤ ጨው ያሳልፋል፣ ድፍርስንና ባክቴሪያን ግን ያስቀራል። የሚፈልገው ግፊትም ከአር ኦ እጅግ ያነሰ ነው። የክሎሪኑ መጠን ሲቀነስ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለ ናኖፊልትሬሽን የተባለ ማጣሪያ ይገኛል። በስፔን የኢምዴያ የውሃ ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ፣ በአውስትራሊያም የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ፣ ይህን በሙሉ መጠን ሜምብሬን ላይ አሳይተዋል።

ሦስተኛው መፍታት ነው። የፖሊፕሮፒሊኑ መረብና የመሃሉ ቱቦ ተለይተው ወደ ፕላስቲክ ፈጪዎች ሊሄዱ ይችላሉ፤ ጨርቁና መረቡ ለአትክልት ቦታ አፈር መያዣም ይሆናሉ። የመጨረሻው አማራጭ ኃይል ለማመንጨት ማቃጠል ነው፤ ይህም የጭስ ማጣሪያ ባለው ጣቢያ ብቻ መሆን አለበት። ፖሊሰልፎን ድኝ፣ ፖሊአማይድና ሙጫው ናይትሮጅን አላቸውና ሜዳ ላይ ሲቃጠሉ መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አይዘነጉ። ከማሽን የወጣ ሜምብሬን ከደረቀ አቅሙን ያጣል፤ በመከላከያ ኬሚካል እርጥብ ሆኖ መታሸግ አለበት። በረኪና ከአሲድ ጋር ከተገናኘም ገዳይ የክሎሪን ጋዝ ይፈጠራል፤ የሠለጠነ ሰው የሚሠራው ሥራ ነው።

ለላፍቶ ምን ይፈይዳል?

ትንሹ አቃቂ ወንዝ የከተማዋንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተሸክሞ በክፍለ ከተማው ያልፋል። በመካኒሳ፣ በፉሪና በሳሪስ ያሉ አትክልተኞች በዚሁ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ሲያለሙ ኖረዋል። ከበረኪና የወጣ ሜምብሬን ከዚህ ውሃ ውስጥ ድፍርሱንና ጀርሙን ሊያስቀር ይችላል፤ የሟሟ ክሮሚየምና እርሳስ ግን አያስቀርም። ስለዚህ ወንዙን ያድናል ብሎ ተስፋ መስጠት ስህተት ነው። ተገቢ ቦታው በፋብሪካው ግቢ ውስጥ ነው፤ ወደ አር ኦ የሚገባውን ውሃ ቀድሞ በማጣራት የአዲሱን ሜምብሬን ዕድሜ ያራዝማል። ይህም በውጭ ምንዛሪ የሚገባን ዕቃ ይቆጥባል።

መጣል ያለውን ዋጋ ደግሞ ከክፍለ ከተማው ጠርዝ ላይ ካለው የቆሻሻ መጣያ፣ ከቆሼ በላይ የሚያስተምረን የለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀጠፈ። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ላይ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመረቀ። ጣቢያ ስላለን ብቻ ሊያገለግል የሚችለውን ዕቃ ማቃጠል ግን ብክነት ነው።

ሕጉ መነሻ ይሰጣል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 በጠርሙስና በቆርቆሮ አምራቾችና አስመጪዎች ላይ ያገለገለውን መልሶ የመሰብሰብ ግዴታ ጥሎ ነበር። ይኸው መርህ ለሜምብሬን ቢሠራ፣ አዲስ የሚሸጠው አስመጪ አሮጌውን ይረከባል፤ አሮጌው ተመዝኖና ተፈትሾ ይታጠባል፣ ይለወጣል ወይም ይፈታል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የጋራ መፈተሻ ማዕከል፣ ጥቂት የሠለጠኑ ኬሚስቶችና ፋብሪካዎች በጋራ የሚይዙት መዝገብ ነው።

የፋብሪካ ቴክኒሻኖች ይህን ካነበባችሁ ከዛሬ መጀመር ትችላላችሁ። ከማሽን ያወጣችሁትን ሜምብሬን አታድርቁት፣ አትጣሉት። መዝኑት፣ የገባበትንና የወጣበትን ቀን ጻፉበት፣ እርጥብ እንደሆነ አሽጉት። የሚረከበው ሲመጣ ዋጋ የሚኖረው እንዲህ የተያዘው ብቻ ነው።